ሻማው ዴራ፣ ድግሱ ጅማ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 የተወለደች አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ሚጣ እንበላት። በመጪው ታኅሣሥ 3 ዓመት ይሞላታል። የባለቤቴ ታላቅ እህት ዱባይ፣ ዴራ የሚባለው ሰፈር መኖር ከጀመረች 9 ዓመቷ ነው። ሚጣን በኢሞ እንጂ በዓይኗ አይታት አታውቅም። አሁን ‹ትኬቱም ቪዛውም በእኔ ነው፤ አንቺና ልጅቷ ኑና ልደቷን ሌጎላንድ የሚባለው የልጆች መጫወቻ ፓርክ እናክብር› ብላናለች። እዚያው ፓርኩ ውስጥ ኬክና ሙዚቃ ያለው፣ የአሻንጉሊት ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥተው የሚጨፍሩበት ዝግጅት ልትከፍልም አስባለች። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ስለማያገኝ አይሄድም። አማቴ ከሰሙ ጀምሮ ፊታቸው ጠቁሯል። ‹የልጅ ልጄ ልደት በሰው አገር፣ አባቷ በሌለበት፣ እኔ ዳቦ ሳልቆርስላት!› ይላሉ። ደግሞ ጾም ነው። ባለቤቴ ‹እንዲህ ጣጣ ካለው ይቅር› ብሏል። እኔ እውነቱን ለመናገር መሄድ እፈልጋለሁ፤ ከአዲስ አበባ ወዲያ አልፌ አላውቅም። ግን ለልጄ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ? ትልቅ ስትሆን የማታስታውሰው ልደትስ ምን ይረባል? ይምከሩኝ።
የሚጣ እናት»

የሚጣ እናት፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽና ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን። ሂጂ። ‹ለልጄ ነው ወይስ ለራሴ› ባልሽው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ለሁለታችሁም ነው። እናት ከልጇ ጋር አውሮፕላን መሳፈር ስላማራት ንስሐ አትገባም።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ጎልቶ የታየኝ የአማትሽ ኩርፊያ ነበር። በሁለተኛው ግን ዓይኔ ያረፈው ‹በኢሞ እንጂ በዓይኗ አይታት አታውቅም› ያልሽው ላይ ነው። በ9 ዓመት ውስጥ ይህቺ ሴት ስንት ክርስትና፣ ስንት ሰርግ፣ ስንት ልደት በስልክ እንዳየች አስቢው። ልክ ዳቦው ሊቆረስ ሲል ኔትወርኩ የጠፋባትም አይጠፋም። ሌጎላንድ ያለችው ሌጎላንድ አምሯት አይመስለኝም። ለወንድሟ ልጅ የምትችለውን ትልቅ ነገር ላድርግ ስትል፣ ዱባይ ውስጥ ለልጅ ትልቅ የሚባለው እሱ ሆነባት። ልቧ የሚፈልገው ግን ሻማው ሲበራ አጠገቡ መቆም ነው። ለዚያ ደግሞ ፓርክ አያስፈልግም፤ ዴራ ያለችው ክፍሏ ትበቃለች።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ፓርኩ ለብቻው በአንድ ቀን ይሁን። ሻማው ታኅሣሥ 20 በአክስቷ ቤት ይብራ። ድግሱ ደግሞ ከገና በኋላ ጅማ ይደገስ።

ለምን እንደምለያያቸው ከራሴ ልንገርሽ። የመጨረሻው ልጄ 4 ዓመት ሲሞላው፣ አዲስ አበባ አንድ የልጆች መጫወቻ ወስደን እናክብርለት ተባለ። የቦታውን ስም ተዪው፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ኬኩን ከጅማ አሠራሁ። አዲስ አበባ ኬክ የለም ወይ ትዪኝ ይሆናል፤ ውድ ነው ሲሉኝ ጊዜ እዚሁ የማውቃት ልጅ ጋ ሄድኩ። በካርቶን አድርጌ፣ በሲባጎ አስሬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አውቶብስ ተሳፈርን። እስከ ሰኮሩ ድረስ ኬኩም እኔም ደህና ነበርን። ሳጃን አልፈን ወደ ጊቤ በረሃ መውረድ ስንጀምር ግን፣ መኪናው በየኩርባው ባዘነበለ ቁጥር ካርቶኑ ውስጥ የሆነ ነገር ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት መዳፌ ላይ ይታወቀኛል። የጊቤን ሙቀት ታውቂዋለሽ። ወልቂጤ ላይ ከፍቼ ሳየው ክሬሙ እንዳለ ወደ አንድ ጥግ ሄዷል። ከልጁ ስም የቀረችው የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ናት። ባለ ልደቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስመልሷል።

መጫወቻው ቦታ የደረስነው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ልጁ ሁልጊዜ በሚተኛበት ሰዓት ነው። ገና ከበሩ ስንገባ ትልቅ የጥንቸል ጭንቅላት ያጠለቀ ሰው ‹መልካም ልደት› ሊለው ጎንበስ ሲል፣ ልጄ ጮኾ ቀሚሴ ውስጥ ተወሸቀ። አባቱ ‹ብር ከፍለናል እኮ!› እያለ ከቀሚሴ ውስጥ ይጎትተዋል። እንደምንም አባብለን ባቡሩ ጋ ስንወስደው ቁመቱ አልደረሰም ተባለ። እዚያ እንደገና ለቅሶ። በመጨረሻ የት ተጫወተ መሰለሽ? መውጫው አጠገብ በእግር ሲረግጡት ውኃ የሚለቅ የእጅ መታጠቢያ ነበር። ይረግጣል፣ ውኃው ይመጣል፣ ይስቃል። እግሩን ያነሳል፣ ውኃው ይቆማል፣ ወደ እኔ ዞር ብሎ ያየኛል። ሌላ የማናውቀው ልጅ መጣና ተራ በተራ ሲረግጡ ቆዩ። ጫማውም ካልሲውም በሰበሰ። ልደቱ እሱ ነበር። ዛሬ ብትጠይቂው ምንም ትዝ አይለውም፤ እኔን ግን ሲባጎ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

መጫወቻ ቦታ ለትንሽ ልጅ አድካሚ ነው፤ ልደትም እንደዚያው። በአንድ ቀን ስናደርጋቸው አዋቂዎቹ እንከፋለን። ልጅቷ ደክሟት ስታለቅስ ‹ዛሬ እኮ ቀንሽ ነው፣ ሳቂ እንጂ!› እያልን እንነዘንዛታለን። ፓርኩ ተራ ማክሰኞ ላይ ሲሆን ግን ብትተኛም፣ ብታለቅስም፣ አንድ ነገር ብቻ ተጫውታ ቤት እንሂድ ብትልም ማንም አይቀየምም።

ስለ ቀኑ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ሚጣ በተወለደችበት ዋዜማ ዓመት፣ በ2015፣ ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ ታኅሣሥ 20ም ዲሴምበር 30 ሆነ። ፓስፖርቷ ላይ የሚሰፍረው እሱ ነው። በ2019 ግን ታኅሣሥ 20 የሚውለው ዲሴምበር 29 ነው። እናንተ ማክሰኞ ዕለት ‹3 ዓመት ሞላት› ብላችሁ እልል ስትሉ፣ በፓስፖርቷ ገና አንድ ቀን ይቀራታል ማለት ነው። ነገሩ ብርም ይነካል። ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ከ3 ዓመት በታች የሆነን ልጅ በነፃ ማስገባታቸው የተለመደ ነው፤ ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ወርልድ እንኳ 3 ዓመት እስኪሞላ ትኬት አይጠይቅም። አክስትየዋ የሌጎላንዱን የወቅቱን ደንብ ትኬት ከመቁረጧ በፊት ትጠይቅ፤ በሩ ላይ የሚታየው ፓስፖርት ነው፣ የእኛ አቆጣጠር አይደለም። አውሮፕላኑ ላይ ግን ማምለጫ የለም፤ 2 ዓመት ካለፋት የራሷ ወንበር ይቆረጥላታል።

እንግዲህ ታኅሣሥ 10 ገደማ ብትወጡ፣ ሁለት ሦስት ቀን አርፋችሁ 13 ወይም 14 ላይ ፓርኩን ብታደርሱት ጥሩ ነው። የፈረንጆቹ ገና ሳይገባ ማለቴ ነው። የዱባይ ቅዳሜና እሁድ እንደኛው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ አርብም ግማሽ ቀን ነው፤ እነዚያን ሽሿቸው። ያኔ ትምህርት ቤትም ስለሚዘጋ ሰው መኖሩ አይቀርም። አየሩ ግን ደግ ነው። የሐምሌውን የዱባይ ሙቀት የሚያውቅ ታኅሣሥን ይመርቃል፤ ለማታ ሹራብ ያዢላት።

ሌጎላንድ ምርጫው መጥፎ አይደለም። በፈረንጆቹ 2016 የተከፈተ፣ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ነው። ያለው ጀበል አሊ፣ ወደ አቡዳቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ከዴራ ሩቅ ነው፤ የመኪናውን ጊዜ ከእንቅልፏ ሰዓት ጋር አስቡት። ‹ዱፕሎ ቫሊ› የሚባለው ክፍል ለትንንሾቹ ነው። ‹ሚኒላንድ› ደግሞ ቡርጅ ኻሊፋን ጨምሮ ሕንፃዎቹ ሁሉ በሌጎ፣ ማለትም በሚገጣጠሙ ትንንሽ የፕላስቲክ ጡቦች የተሠሩበት፣ ጣሪያ ያለው ቀዝቃዛ አዳራሽ ነው። ሲደክማት እዚያ አስገቧት።

ብዙ መጫወቻ ላይ የሚጠየቀው ቁመት ነው። የ3 ዓመት ሴት ልጅ በአማካይ 95 ሴንቲሜትር አካባቢ ናት። ከመሄድሽ በፊት ሚጣን በር መቃን ላይ አስደግፈሽ በሜትር ለኪያትና ቁጥሩን ለአክስቷ ላኪ፤ እሷ ከፓርኩ ድረ ገጽ ላይ የሚፈቀድላትን ለይታ ትቆይ። ‹አልደረሰችም› የሚለውን ቃል ጅማ ሆናችሁ ብትሰሙት ነው የሚሻለው። እዚያ ተሰልፋችሁ፣ ልጅቷ ባቡሩን እያየች ከምትሰሙት። ሦስት ነገር ከተጫወተች በቂ ነው። አንዱን ወዳ አምስት ጊዜ ልድገም ካለችም ትድገም፤ ‹ሌላውንም እንይ እንጂ› እያላችሁ አትጎትቷት።

በር ሲከፈት ግቡና ከምሳ በኋላ ውጡ። ሰዓት ስትነጋገሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። ‹በ10 ይከፈታል› ካለችሽ የፈረንጅ 10 ነው፤ የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት። በዚያ ላይ ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድመናለች። ሚጣ እዚህ ቀን 7 ሰዓት ላይ የምትተኛ ከሆነ እዚያ እንቅልፏ የሚመጣው 8 ላይ ነው። የሕፃን ጋሪ ተከራዩ፤ ‹ትልቅ ልጅ ናት፣ ትሄዳለች› እንዳትዪ። በእጇ ላይ የአክስቷን ስልክ ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፊላት፤ ጠዋት ከቤት ስትወጡ የለበሰችውን ልብስ ፎቶ አንሺ። ብትጠፋ ምን ዓይነት ቀሚስ እንደለበሰች በድንጋጤ ላይ ማስታወስ አይቻልም።

ማንም የማይነግርሽ አንድ ነገር ልጨምር፤ መጸዳጃ ቤቱ። እጅ የሚያደርቀው ማሽን ሲጮኽና ሽንት ቤቱ ሳይነኩት ራሱ ውኃ ሲለቅ የሚደነግጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ‹ሽንቴ አልመጣም› ትልሻለች። ጆሮዋን ያዢላት፣ እጇን በሶፍት አድርቂ። የአሻንጉሊት ልብስ የለበሱትንም ከሩቅ ታያቸው። ራሷ ከሄደች ደስ ይላል፤ ለፎቶ ብላችሁ ግን ገፍታችሁ አታስጠጓት። ጥንቸሉን አስታውሺ።

የልደት ዝግጅቱን ነገር ለአክስትየዋ እንዴት ትነግሪያታለሽ? ‹ይቅርብን፣ ብር አታባክኚ› ካልሻት ስጦታዋን የናቅሽባት ይመስላታል። እንዲህ በያት፦ ‹እታለም፣ ፓርኩን አንቺ አሳያት። ልደቷን ግን ቤትሽ እናድርገው፤ እዚያ ያሉት ሁሉ የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ አንቺ ደግሞ አክስቷ ነሽ። ሻማውን አንቺ አብሪላት።› አትከፋም ብዬ እገምታለሁ። ኬኩን እንደሆነ ይዛችሁ እንገባለን ብትሉም ብዙ ፓርክ የውጭ ምግብ አያስገባም።

አሁን ወደ አማትሽ ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ ‹የባለቤቴ እህት› እና ‹አማቴ› ተለያይተው ነው የተቀመጡት። የኔ እህት፣ እኚህ ሴት እኮ የዚያች ልጅ እናት ናቸው! ልጃቸውን ካዩ 9 ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሁን ምራታቸው ሻንጣ አዘጋጅታ ልታያት ነው፤ እሳቸው ሊቀሩ ነው። ፊታቸው የጠቆረው በዳቦው ብቻ ይመስልሻል? ‹ልጄ ናፈቀችኝ› ማለት ሲከብዳቸው ‹የልጅ ልጄ ልደት› አሉ። (እሷስ ለምን አትመጣም የሚል ካለ አፉን ይያዝ፤ ምክንያቷን እሷ ታውቀዋለች።)

ስለዚህ ዳቦውን እሳቸው ይጋግሩት። ‹እማማ፣ ድፎውን እርስዎ ይድፉልኝና ይዤላት ልሂድ› በያቸው። ከመንገዱ ሁለት ቀን ቀደም ብለው በኮባ ይድፉት። ቅቤና ወተት ካልገባበት ጾም ነውና የጾሙ ነገር እዚያው አለቀ። ኮባውን አንስተሽ በደንብ ካቀዘቀዝሽው በኋላ በንጹሕ ጨርቅ፣ ከዚያ በፌስታል ጠቅልይው። ዴራ ስትደርሺ በቀጥታ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ። ታኅሣሥ 19 ማታ አውጡት፤ ጠዋት በእንፋሎት ሲሞቅ ትናንት የተጋገረ ይመስላል። ያችን ልጅ ያን ጊዜ እያት። የእናቷን ዳቦ ከቀመሰች 9 ዓመቷ ነው፤ ስትቆርሰው አታጣድፊያት።

ኬክም ካስፈለገ በዘይት የሚሠራ የጾም ኬክ ይበቃል፤ ትንሽ ይሁን፣ ሻማ መትከያ ነው። ከመቁረሱ በፊት ጅማ ደውሉ። አማትሽ በስልክ ይመርቁ፣ አክስቷ ትቁረስ፣ ሚጣ እፍ ትበል። ኔትወርኩ እንዳይከዳችሁ ሻማው ሳይበራ ደውላችሁ አረጋግጡ። ቡና ከዚህ ይዘሽ ሂጂ፤ ጥሬውን ውሰጂና እዚያ ይቆላ። ጭሱ ማንቂያ ደወል እንዳያስጮህባችሁ መስኮት ከፈት አድርጉ።

ከዚያ በ26 ተመለሱ። ገና በቤታችሁ ይሁን፤ ድግሱ ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ። ባለቤትሽ ‹ይቅር› ያለው በእናቱና በእህቱ መካከል መግባት ፈርቶ ይመስለኛል፤ በጅማው ልደት ላይ ሥራ ስጪው፣ ልጁን አቅፎ ዳቦ የሚያስቆርሰው እሱ ይሁን። እስከዚያው ልጅን ያለ አባት ይዞ ለመውጣት የሚጠየቀውን የፈቃድ ወረቀት ኢሚግሬሽን ሄዶ ይጠይቅልሽ፤ የልደት የምስክር ወረቀቷንም ያዢ። ምግቡን አታብዢ። የጅማ ሰው ነሽና ታውቂዋለሽ፤ ሥጋ ከሌለበት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ከአንድ ትሪ ይበላል። ድፎ፣ ፈንድሻ፣ የአቮካዶ ጁስ፣ ቡና። የሰፈሩ ልጆች ሚጣን በስሟ ይጠሯታል። ለ3 ዓመት ልጅ ልደት የሚሆነው እንዲያ ሲሆን ነው፤ የምታውቃቸው ልጆች ኬኩን ሊነጥቋት ሲጠጉና እሷ ‹የኔ ነው!› ስትል።

አታስታውሰውም ያልሽው እውነት ነው። አብዛኞቻችን ከ3 ዓመታችን በፊት ከሆነው ነገር ምንም አልቀረልንም። ግን ትልቅ እስክትሆን ለምን ትጠብቂያለሽ? አሁን ኢሞ ሲጮኽ ‹አክስትሽን ሰላም በያት› ስትዪያት አንገቷን ቀብራ የምትሸሽ ይመስለኛል፤ የሁሉም ልጅ ጠባይ ነው። ከዴራ ከተመለሳችሁ በኋላ ስልኩ ሲጮኽ ምን እንደምታደርግ እያትና ጻፊልኝ።

የጅማ ማር ልውሰድላት ማለትሽም አይቀርም። ውሰጂ፤ ግን በእጅ ቦርሳ እንዳትይዢው። ፍተሻው ላይ ማር እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያሳልፉም። ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልለሽ፣ በሁለት ፌስታል አስረሽ፣ ከሚጫነው ሻንጣ መካከል ልብስ ውስጥ ቅበሪው። ከዳቦው ግን አርቂው።